ከኸሚስ እስከ ጎንደር፦ በፍርሃት ከተማ ለሚለቅ ሠራተኛና ደጁን ከፍቶ ለሚጠብቅ ቤተሰብ

ኸሚስ ሙሸይጥ፣ አብሃ፣ ጂዛን፣ ናጅራን። እነዚህን የደቡብ ሳዑዲ ከተሞች ስም የማያውቅ ሰፈር ጎንደር ላይ ማግኘት ይከብዳል። ከማራኪም ይሁን ከአዘዞ፣ ከቅዳሜ ገበያም ይሁን ከጃንተከል፣ ልጅ የላከ ቤት «ፍተሻው በርትቷል፣ ሰው ከተማውን እየለቀቀ ነው» የሚል ስልክ በሌሊት ሲደርሰው አብሮ ይደነግጣል። ይህን የጻፍነው ለሁለት ወገን ነው፦ እዚያ ሆኖ ሻንጣውን ለሚሸክፈው፣ እዚህ ሆኖ «ምን ላድርግ?» ለሚለው። ተመላሽ ስንቀበል፣ ወረቀት ስናስጨርስ፣ ባንክ ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ደጋግመን ያየነው አንድ ነው። ሰው ደመወዙን፣ ሰነዱንና ቁጠባውን በብዛት የሚያጣው ከመያዙ በፊት ባሉት አሥር አሥራ አምስት የድንጋጤ ቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ምክራችን ስለ እነዚያ ቀናት ነው።

መጀመሪያ ወሬውን መለየት ያስፈልጋል። በሳዑዲ የመኖሪያ፣ የሥራና የድንበር ሕግ ፍተሻ የማይኖርበት ጊዜ የለም፤ የሀገሪቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ስንት ሰው እንደተያዘና ስንት እንደተመለሰ በየሳምንቱ ያወጣል። ቲክቶክ ላይ አንድ ትልቅ ቁጥር ስለታየ ብቻ አዲስ ዘመቻ መጣ ማለት አይደለም። የሚለየው የምሕረት አዋጅ ነው። በ2005 ዓ.ም የተሰጠው የማስተካከያ ጊዜ ሲያበቃ ጥቅምት 25 ቀን 2006 ዓ.ም አሰሳ ተጀመረ፤ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። መጋቢት 20 ቀን 2009 ዓ.ም ደግሞ የ90 ቀን ምሕረት ታወጀ፤ በዚያ ጊዜ በራሱ ፈቃድ የወጣ ሰው የመኖሪያ ቅጣት አልከፈለም፣ ተመልሶ እንዳይገባ የሚያግደው የተባራሪ አሻራም አልተመዘገበበትም። ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን ያው ሰው በእስር ቤት በኩል ነው የወጣው። መጋቢት 2014 ዓ.ም ላይ በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ከ100,000 በላይ ሰው መመለስ ሲጀመርም ብዙዎቹ ከማቆያ የመጡ ነበሩ።

ከዚህ የምንወስደው ቀላል ነገር ነው። ምሕረት ከታወጀ በመጀመሪያው ሳምንት መንቀሳቀስ ነው የሚያዋጣው። ኤምባሲው ያለው ሪያድ፣ ቆንስላው ያለው ጅዳ ነው፤ ከኸሚስ ጅዳ በመኪና ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ወረፋው ከአቅም በላይ ይሆናል፣ የመኪናና የትኬት ዋጋ ይወጣል፣ ወረቀቱ ሳያልቅ ቀኑ ያልቃል። ምሕረት ካልታወጀ ደግሞ «ይታወጃል» እያሉ ሥራ ጥሎ መውጣት ከባድ ስህተት ነው።

ሰው ከአንድ ትንሽ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ሲሸሽ አብሮ የሚመጣ ችግር አለ፤ ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። በሳዑዲ ሕግ ድንበር ጥሶ የገባን ሰው ያጓጓዘ ወይም ያስጠጋ እስከ 15 ዓመት እስራት፣ እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል ቅጣት ይጠብቀዋል፤ መኪናውና ቤቱም ሊወረስ ይችላል። ለዚህ ነው ፍተሻ ሲበረታ የቤት አከራዩ «ዛሬውኑ ልቀቁ» የሚለው፤ ለዚህ ነው የሌሊት ሾፌር ሦስትና አራት እጥፍ ጠይቆ ኬላ ሲያይ ሰውን አስፋልት ዳር አውርዶ የሚሄደው። ገንዘብ፣ ወርቅና ስልክ በብዛት የሚዘረፈው በዚህ መንገድ ላይ ነው። የማያውቁት ሾፌር መኪና ውስጥ ቁጠባን ሁሉ በወገብ ታጥቆ መግባት አይገባም። ከተማ መቀየር ራሱ ወረቀትን አያስተካክልም፤ ሪያድም ጅዳም ያው ሕግ ነው፣ ያው ጀዋዛት (የፓስፖርትና የመኖሪያ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ነው። ዘመድና ሥራ ካለበት ቦታ ተነሥቶ ማንም ወደማይታወቅበት መሄድ የሚያስከፍለው ሂሳብ ነው የሚበልጠው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ምን ዓይነት መውጫ እንዳለ የሚወስነው ኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ነው።

ኢቃማው ያልተቃጠለ (ጊዜው ያላለፈ) እና ከፊሉ፣ ማለትም ስፖንሰር የሆነው አሠሪው፣ ፈቃደኛ የሆነለት ሰው ኹሩጅ ኒሃኢ፣ ማለትም የመጨረሻ መውጫ፣ ያስወጣል። የግል አሠሪ አብሸር በሚባለው የሳዑዲ መንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት በኩል በደቂቃዎች ይሠራዋል፤ ክፍያ የለውም። «ለኹሩጅ ይህን ያህል ሺህ አምጣ» የሚል ሰው ለራሱ ነው የሚጠይቀው። መውጫው ከተሠራበት ቀን አንሥቶ ቢበዛ 60 ቀን ያገለግላል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው፣ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለ ወይም በስም የተመዘገበ መኪና ካለ መውጫው አይሠራም፤ ስለዚህ ሾፌሮች አስቀድመው ይዩት፣ መኪናውንም ወደ ሌላ ስም ያዙሩት። ሁለተኛው፣ መውጫ አሠርቶ «ትንሽ ልሥራና እሄዳለሁ» ማለት ነው። 60 ቀኑ ሳይወጡና ሳያስሰርዙ ካለፈ 1,000 ሪያል ቅጣት አለው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቆይታም እንደ ሕገ ወጥ ነው የሚቆጠረው። መውጫው በእርግጥ መሠራቱን በአፍ አትመኑ፤ በራሳችሁ አብሸር ግቡና እዩ፣ ወይም ወረቀቱን አሳትሙ።

በድርጅት የሚሠራ ሰው ከመጋቢት 2013 ዓ.ም ወዲህ ውሉ ሲያልቅ ያለ አሠሪው ፈቃድ መውጫ የሚጠይቅበት መንገድ አለው። ይህ ማሻሻያ ግን የቤት ሠራተኛን፣ የግል ሾፌርን፣ እረኛን፣ አትክልተኛንና የእርሻ ሠራተኛን አላካተተም። የእኛ ሰው በብዛት ያለው በእነዚህ ሥራዎች ላይ ስለሆነ «ሕጉ ተቀይሯል፣ ከፊል አያስፈልግም» የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ ቤት ለቃችሁ እንዳትወጡ። ከወጣችሁ አሠሪው ሁሩብ፣ ማለትም «ሠራተኛዬ ጠፋ» የሚል ሪፖርት፣ ሊያስመዘግብ ይችላል፤ ሁሩብ አንዴ ከተመዘገበ ኢቃማው ያላለቀ ቢሆንም ሰውየው እንደ ጠፋ ሠራተኛ ነው የሚፈለገው። ሁሩብ መኖር አለመኖሩን በኢቃማ ቁጥር ማየት ይቻላል፤ መንገድ ከመጀመር በፊት ይታይ።

በባሕር፣ በየመን በኩል የገባና ምንም ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሊሴ ፓሴ ነው፤ ኤምባሲው ወይም ቆንስላው ለአንድ ጊዜ ጉዞ የሚሰጠው የይለፍ ወረቀት። ከዚያ በጀዋዛት አሻራ ሰጥቶ ይወጣል። ከምሕረት ጊዜ ውጭ ከሆነ ይህ መንገድ በተርሂል፣ ማለትም ተባራሪዎች በሚያዙበት ማቆያ፣ በኩል እንደሚያልፍ ማወቅና ለእሱ መዘጋጀት ያስፈልጋል። እንደ ተባራሪ አሻራ ሰጥቶ የወጣ ሰው ዳግመኛ በሥራ ቪዛ መግባት እንደሚከለከልም ይወቅ፤ ጎንደር ላይ «አሻራውን አስጠፋልሃለሁ» የሚል ደላላ ገንዘባችሁን ነው የሚፈልገው።

ሊሴ ፓሴ የሚዘገየው ዜግነትና ማንነት እስኪረጋገጥ ነው። የትውልድ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ የአባትና የአያት ስም ይጠየቃል። ብዙ ወጣት «ጎንደር» ብቻ ብሎ ይቆማል፤ ከወረዳው ወጥቶ ልጅ ሆኖ የሄደም አለ። ቤተሰቡ የቀበሌ መታወቂያ፣ የልደት ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀትም ቢሆን ካለ አጥርቶ ፎቶ አንሥቶ ይላክለት። ልጁ በሐሰት ስም በወጣ ፓስፖርት ሄዶ ከሆነ ደግሞ ያንኑም፣ ትክክለኛውንም ስም ለቆንስላው ይንገር፤ በሁለት ስም መካከል መወላወል ጉዳዩን ከሁሉ በላይ ያጓትታል።

እዚያ የተወለዱ ልጆች ጉዳይ ለብቻው ነው፣ እባካችሁ አታዘግዩት። ሆስፒታሉ የሚሰጠው የልደት ማሳወቂያ፣ የክትባት ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀት ካለ እሱም፣ በአንድ ፕላስቲክ ይቀመጥ። ልጁ በስሙ የጉዞ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ የእናትየው ብቻ አይበቃም። እናት ወረቀቷ አልቆ የልጇ ስላላለቀ ብቻ ሳምንታት የምትቆይበት ጊዜ አለ። እዚህ ሲመጡም ትምህርት ቤት የሚጠይቀው ያንኑ የልደት ማስረጃ ነው።

ሰው በድንጋጤ መጀመሪያ የሚነካው ዕቃውን ነው፤ ብርድ ልብሱን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ለዘመድ የገዛውን። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ ሰነድ፣ ደመወዝ፣ ገንዘብ፣ ዕቃ መጨረሻ። የፓስፖርት የመጀመሪያ ገጽ፣ የቪዛው ገጽ፣ የኢቃማ ሁለቱም ገጽ፣ የሥራ ውሉ፣ የከፊሉ ስምና ስልክ፣ የሥራ ቤቱ ቦታ በካርታ፤ ይህ ሁሉ ዛሬ ማታ ፎቶ ተነሥቶ ጎንደር ላሉ ለሁለት ሰዎች ይላክ። ለሁለት የምንለው የአንዱ ስልክ ይጠፋል፣ ይበላሻል፣ ዋትሳፑ ይዘጋል ብለን ነው። ከዚያ ሦስት ስልክ ቁጥር በቃል ይጠና፤ አንዱ እዚያው ሳዑዲ ያለ ሰው፣ ሁለቱ የኢትዮጵያ ከነ251ው። ማቆያ ሲገባ ስልክ ይወሰዳል፤ ቁጥር በቃሉ የሌለው ሰው ሌላ እስረኛ ስልክ ቢያገኝለት እንኳ የሚደውለው የለውም። ቤተሰብም በዚህ ወቅት ሲም ካርድ አይቀይር፤ የማይታወቅ ቁጥር ሲደውልም ይነሣ።

ስለ ደመወዝ። «ስወጣ በአንድ ላይ እወስዳለሁ» ብሎ ወሩን በአሠሪ እጅ ማከማቸት በጣም የተለመደ ነው፤ ለቤተሰብ ጥሩ ገንዘብ ይዞ ለመመለስ ታስቦ ነው። ነገር ግን ፍተሻ ሲበረታ አሠሪው ቀድሞ የሚፈራው ቅጣቱን ነው፤ ያንን ጊዜ የስድስት ወር ደመወዝ መጠየቅ ከባድ ነው። በየወሩ ተቀበሉ። ለመውጣት ከወሰናችሁም የምትወጡበትን ቀን ከመናገራችሁ በፊት ያለፈውን ወር ጨርሱ። ኢቃማ ያለውና በሠራተኛ ሕጉ የሚተዳደር ሰው ሥራው ሲያልቅ የአገልግሎት ክፍያ አለው፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የግማሽ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር። ለምሳሌ ውሉ በ1,800 ሪያል ሆኖ ሰባት ዓመት የሠራ ሰው ውሉ አልቆ ሲወጣ 4,500 እና 3,600፣ በድምሩ 8,100 ሪያል ይደርሰዋል። በራሱ ፈቃድ ሥራ የለቀቀ ሰው ግን ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ ምንም፣ እስከ አምስት ዓመት ሲሶውን፣ እስከ አሥር ዓመት ሁለት ሦስተኛውን ነው የሚያገኘው። ለዚህ ነው «ለቀቅሁ» በሚል ወረቀት ላይ ሳያነብቡ መፈረም የሚጎዳው። ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ሳያየው «ሁሉን ተቀብያለሁ» በሚል ወረቀት ላይም አትፈርሙ። ውሉ ሲያልቅ የመመለሻ ትኬቱ የአሠሪው ዕዳ ነው።

ወረቀት የሌለውስ? ይህ ሰው ማስረጃውን ራሱ ይሥራ። የጀመረበት ቀን፣ የወር ሂሳቡ፣ የተቀበለውና የቀረው በደብተር ይጻፍ፤ አሠሪው በድምፅ መልእክት «በወሩ መጨረሻ እሰጥሻለሁ» ካለ ያ ድምፅ አይጥፋ፣ ለጎንደሩ ሰው ይላክ።

ገንዘቡ ላይ ረዘም እንላለን፣ ልብ የሚሰብረው እዚህ ነውና። አምስት ስድስት ዓመት የተላከ ገንዘብ ጎንደር ላይ የት እንዳለ ሠራተኛው ራሱ ከመውጣቱ በፊት ማወቅ አለበት። በወንድም ስም ባንክ ያለ ገንዘብ በሕግ ፊት የወንድም ነው። በአጎት ስም ካርታ የወጣለት ቤት የአጎት ነው። ወንድምም አጎትም ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ግን ያገባል፣ ይበደራል፣ ይሞታል፣ ከዚያ ሚስትና ልጆች ወራሽ ናቸው። ስለዚህ ገንዘቡ በራሱ በሠራተኛው ስም ባለ ሒሳብ ይግባ፤ ይህ ካልተቻለ በጋራ ሒሳብ፣ ያለ ሁለቱም ፊርማ ወጪ እንዳይሆን ተብሎ ይከፈት። በላኪ ድርጅት ሲላክ የተቀባዩ ስም እስከ አያት ድረስ መታወቂያው ላይ እንዳለ ይጻፍ። በላቲን ፊደል አንድ ሆሄ ሲለያይ ባንክ ቤቱ አይከፍልም፤ የሚታረመው ደግሞ ገንዘቡ በተላከበት ቦታ ነው፣ ላኪው ከተያዘ ማን ያርመዋል? በሰው ኢቃማ የሚልክ ሰው ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አይላክ፤ የመጀመሪያው ትንሽ ሆኖ መድረሱ ይረጋገጥ፣ ደረሰኙም ፎቶ ይነሣ። ከባንክ ውጭ በግለሰብ ሐዋላ የጠፋ ገንዘብ ለፖሊስ ሲቀርብ የሚጠየቀው ያ ደረሰኝ ነው፤ በዚያ መንገድ ግን ደረሰኝ የለም።

ቤትና ቦታ የገዛ ወይም ሊገዛ ያሰበ፣ በተለይ በከተማው ዳር በአዘዞም ሆነ በሌላ አቅጣጫ፣ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ካርታ አለው? በማን ስም ነው? ሽያጩ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ተመዝግቧል? የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በሰፈር ሽማግሌ ፊርማ ብቻ አይጸናም። የጨረቃ ቤት ርካሽ የሆነው ነገ ሊፈርስ ስለሚችል ነው። የገበሬ መሬት ደግሞ አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 40 ይከለክላል፣ ስለዚህ «ገዛሁ» የተባለው ያ ቦታ ወረቀቱ ምንም ቢል ሽያጭ አይደለም።

ውክልና የሚያስፈልገው ሰው ሳይያዝ፣ ፓስፖርቱ በእጁ እያለ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ያሠራው። ከዚያ ወረቀቱ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ቀጥሎ በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል፤ እነዚህ ሳያልቁ ጎንደር ያለ መሥሪያ ቤት አይቀበለውም። ይዘቱ ላይ ትልቁ ስህተት «ማንኛውንም ጉዳዬን» ብሎ ማለፍ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው የሚያገለግለው። ቤት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ ፍርድ ቤት ለመክሰስና ለመከሰስ በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፣ ተለይቶ መጻፍ አለበት። ባንክም «ከሒሳብ ቁጥር እንዲህ ገንዘብ ወጪ እንዲያደርግ» የሚል ቃል ካላየ አይከፍልም። መሸጥ የማትፈልጉ ከሆነ ደግሞ «መሸጥ» የሚለው ቃል እንዳይገባ ጸሐፊውን ንገሩት፤ በተዘጋጀው ቅጽ ላይ አብሮ ይመጣል። የቀድሞውን ውክልና የሻረ ሰው መሻሪያውን ለተወካዩም፣ ለባንኩም፣ ለመዝጋቢውም ያድርስ፤ እነሱ ካላወቁ አሮጌው ወረቀት መሥራቱን ይቀጥላል።

ወርቅ የያዘች እኅት ፋቱራውን (የግዢ ደረሰኙን) ከወርቁ ለይታ ታስቀምጥ፣ ፎቶውን ትላክ፤ በሚላክ ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። ጥሬ ሪያል የያዘ ሰው ቦሌ ሲደርስ ጉምሩክ ላይ አስመዝግቦ ወረቀቱን ይያዝ። ዕቃ በካርጎ ለመላክ ከሆነ ደግሞ የራሳችሁን ብቻ፤ «ይህችን ቦርሳ አድርስልኝ» የሚል ሰው ዕቃ ሳይፈቱና ሳያዩ አይቀበሉም።

የተያዘ እንደሆነ፣ ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን የሚያደርገው ይህ ነው፦ የተያዘበትን ከተማና ቀን፣ ሙሉ ስሙን፣ የፓስፖርት ወይም የኢቃማ ቁጥሩን በአንድ ገጽ ጽፎ ከፎቶው ጋር ለኤምባሲው ወይም ለቆንስላው መላክ፣ እዚያው ያለ ዘመድም በአካል እንዲያስመዘግብ ማድረግ። «ከእስር አስወጣዋለሁ፣ ይህን ያህል ላኩ» ለሚል ደዋይ ብር አትላኩ። እውነተኛ ከሆነ የልጁን ድምፅ ያሰማችሁ፣ እናንተና እሱ ብቻ የምታውቁትን ነገር ይመልስ። በማቆያ ውስጥ መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የታመመ ሰው ካለ በዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ቅድሚያ የሚያሰጠው በወረቀት የታወቀ ሕመም ነው።

ቦሌ ሲደርሱ በመንግሥት በረራ የመጡት ይመዘገባሉ። ቸኩሎ ሳይመዘገቡ መውጣት አይበጅም፤ ወደ ክልል የሚሄደው ድጋፍም፣ ኋላ «ተመላሽ ነህ ወይ?» ሲባል የሚቀርበው ማስረጃም ከዚያ ነው የሚነሣው። ሊሴ ፓሴው ላይ ማህተም ተደርጎ ከተወሰደ ፎቶው አስቀድሞ ይቀመጥ። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ቤተሰብ የዕለቱን ሁኔታ ከሾፌሮች ጠይቆ ብቻ ይንገረው። አቅም ካለ አዘዞ በሚገኘው በአጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል መምጣቱ ይሻላል፤ ገንዘብና ወርቅ የያዘ ሰው በተለይ።

ቤት ከገባ በኋላ ለአንድ ሳምንት እንግዳ ይቀነስለት። እናቶች፣ አባቶች፣ «ምን ይዘህ መጣህ?» የሚለውን ጥያቄ እባካችሁ አንድም ሰው አፉ ላይ አያምጣው፤ ጎረቤትም ከጠየቀ እናንተ መልሱለት። ማቆያ በጣም የተጨናነቀ ስለሆነ እከክ ይዞ የሚመጣ ብዙ ነው፤ ነውር አይደለም፣ በቀላሉ ይድናል። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፐርሜትሪን ቅባት ከአንገት እስከ እግር ጣት ተቀብቶ ይታደራል፣ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። የሚያገረሸው እሱ ብቻ ተቀብቶ ሌላው ሳይቀባ ሲቀር ነው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይቀባ፣ ልብስና አንሶላ በሙቅ ውኃ ይታጠብ፣ የማይታጠበው በፕላስቲክ ታስሮ ቢያንስ ለሦስት ቀን ይቀመጥ። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው የአክታ ምርመራ ያስፈልጋል፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ስድስት ወር ነው፣ ነጻ ነው፣ ሲሻለው ማቋረጥ ግን በሽታውን መድኃኒት የማይበግረው ያደርገዋል። እንቅልፍ የሚያጣ፣ በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ፣ ሰው የሚሸሽ ከሆነ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ የታዘዘለትን ክኒን ግን ከጸበሉ ጋር አብሮ ይዋጥ፣ አያቋርጥ።

ወረቀቱ በዚህ ጊዜ ይሠራ፦ የቀበሌ መታወቂያ፣ ቀጥሎ ፋይዳ፤ አዲስ የባንክ ሒሳብ ያለ ፋይዳ አይከፈትም። እዚያ ሴራሚክ ያነጠፈ፣ ምግብ ያበሰለች፣ መኪና የነዳ ሰው ትምህርት ቤት ባይገባም በልምዱ ለሙያ ብቃት ምዘና፣ ለሲኦሲ፣ መቅረብ ይችላል። ያ ወረቀት ጎንደር ላይ ለሥራ፣ በክፍለ ከተማው ለሚሰጥ ብድርና የመሥሪያ ቦታም ይጠቅማል።

ዕዳ ካለ አይደበቅ። ለመንገድ ተብሎ መሬት በወለድ አገድ ከተያዘ አበዳሪው ዋናው ገንዘብ እስኪመለስ እያረሰ ይበላል፤ ስለዚህ ከያዘው ገንዘብ ቀድሞ መከፈል ያለበት እሱ ነው፣ ከድግስም ከአልባሳትም በፊት። ሲከፈል በምስክር ፊት፣ የቀድሞው ወረቀት ተመልሶ፣ መሬቱ በወረዳው ተመዝግቦ ከሆነ ምዝገባውም ተሰርዞ ይሁን። ደላላው አንድ ወር ሳይሞላ መምጣቱ አይቀርም፤ አሁን የሚያቀርበው በመተማ፣ በሱዳን በኩል ሊቢያ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ጀምሮ ሱዳን ጦርነት ላይ ናት። እውነተኛ የውጭ ሥራ በሕጉ መሠረት ፈቃድ ባለው ኤጀንሲና በተመዘገበ ውል ነው፤ ቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት አሠሪው ይከፍላል፣ ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ ምርመራና የብቃት ምዘና ያሉትን ነው። ለቪዛ ገንዘብ የጠየቀ ሰው ከዚያ መንገድ ውጭ ነው።

ያልተከፈለ ደመወዝ ወይም የአገልግሎት ክፍያ ሳዑዲ ላይ የቀረለት ሰው፣ የሥራ ግንኙነቱ ካበቃ 12 ወር ካለፈ ክሱ አይሰማለትም። ስለዚህ የለቀቀበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ፤ ውሉ፣ የደመወዝ ደብተሩና የድምፅ መልእክቶቹ ተሰብስበው ለኤምባሲው የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ከነሙሉ ስሙና የከፊሉ ስም ጋር በጽሑፍ ይላኩ፣ የተላከበት ቀን የያዘው ቅጂም ቤት ይቅር።